የጀልባ ሞተር መለዋወጫ በቅናሽ ለመግዛት፦ ኦሪጅናል፣ ኮፒ ወይስ ያገለገለ?

ጣና ላይ፣ ዝዋይ ላይ፣ ሐዋሳ ወይም ጫሞ ላይ ሞተር ጀልባ የሚያሠራ ሰው ሰርቪስ በደረሰ ቁጥር ሦስት ዋጋ ይነገረዋል፦ የኦሪጅናሉ፣ የኮፒው እና ከሌላ ሞተር ላይ የተፈታው። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ሁሉ በብር ሲመነዘር ከብዷል። «ሁሉንም ኦሪጅናል ግዙ» የሚለው ምክር ለብዙ ባለጀልባ «ሥራ አቁሙ» ከማለት አይለይም። ሁሉንም ኮፒ ማድረግ ደግሞ አንድ ቀን መንገደኛ እንደጫኑ ሐይቁ መሐል ላይ መቆም ነው። ስለዚህ ምርጫው ለእያንዳንዱ ዕቃ ለየብቻው ይደረጋል።

መለኪያችን አንድ ጥያቄ ነው፦ ይህ ዕቃ ሲበላሽ ሌላ ምን ይዞ ይሄዳል? አንዳንዱ ሲበላሽ ሞተሩ ይጠፋል፣ ይቀየራል፣ በዚያው ያልቃል። አንዳንዱ ግን ምንም ምልክት ሳያሳይ ፒስተንና ሲሊንደር ያቃጥላል። ዋጋው ትንሽ፣ ጥፋቱ ትልቅ የሆነ ዕቃ ላይ መቆጠብ የለብዎትም። ዋጋው ትልቅ፣ ጥፋቱ ትንሽ የሆነው ላይ ግን ኮፒም ያገለገለም ይግዙ፤ ገንዘብ የሚተርፈው እዚያ ነው። ከዚህ በታች በዋናነት የምናነሳው በአፍሪካ ሐይቆች በብዛት የሚታዩትን ባለ 15 እና ባለ 40 ፈረስ ጉልበት የያማሃ ቱ ስትሮክ (ባለ ሁለት ምት) ሞተሮችና የእነሱን ቻይና ሠራሽ አቻዎች ነው። የሌሎቹም አካሄድ ብዙ አይለይም።

ዕቃ ከመጠየቅዎ በፊት ቁጥሩን ይያዙ

«የያማሃ 40 ጎማ አለ?» ብሎ መጠየቅ ገንዘብ ከሚያስጥሉ ስሕተቶች ዋነኛው ነው። 40 ፈረስ ጉልበት ተብለው የተሸጡ የያማሃ ሞዴሎች ብዙ ናቸው፤ የአንዱ የውሃ ፓምፕ ጎማ ለሌላው አይሆንም። አንዳንዴም የገጠመ መስሎ ይገባና ውሃ አይስብም። ሞተሩ ከጀልባው ጀርባ በሚታሰርበት ቅንፍ ላይ የሞዴሉ ስምና መለያ ቁጥሩ ያለበት ትንሽ ሳህን አለ። ፀሐይና ውሃ ሳያጠፉት በስልክዎ ፎቶ አንስተው ያስቀምጡት። ለምሳሌ «ኢ40ኤክስኤምኤችኤል» ቢል፣ «ኢ» ኤንዱሮ (ለከባድ ሥራ የተሠራው ዓይነት) ማለት ነው፣ 40 ጉልበቱ፣ «ኤክስ» ትውልዱ፣ «ኤም» በገመድ ተስቦ የሚነሳ፣ «ኤች» በእጅ መሪ የሚነዳ፣ «ኤል» ደግሞ ረጅም እግር፣ ማለትም 508 ሚሊ ሜትር ገደማ። አጭሩ እግር 381 ሚሊ ሜትር ነው። የማርሽ ቤት ወይም ቋሚ ዘንግ የሚገዛ ሰው ይህችን የመጨረሻ ፊደል ከረሳ ዕቃው ጥራት ቢኖረውም አይጠቅመውም።

የያማሃ የዕቃ ቁጥር ሦስት ክፍል አለው። 63ቪ-44352-01 የሚለውን ይውሰዱ። 63ቪ የሞተሩን ቤተሰብ ይናገራል፣ እዚህ ላይ ባለ 15ቱን። 44352 ዕቃው ራሱ ነው፣ የውሃ ፓምፕ ጎማ፤ በየትኛውም የያማሃ ሞተር ላይ ጎማው 44352 ነው። መጨረሻ ያለው 01 ዕቃው ስንት ጊዜ እንደተሻሻለ ያሳያል፤ ስለዚህ 00 ይዘው ሄደው 01 ቢሰጡዎት አይደንግጡ፣ አዲሱ ነው። የመጀመሪያው ክፍል ከተለየ ግን ገንዘብዎን ከኪስዎ አያውጡ። ሙሉው የፓምፕ ኪት ደብሊው0078፣ የካርቡሬተር ኪት ደብሊው0093 የሚል መካከለኛ ቁጥር አላቸው። ሱዙኪ ላይ ጎማው በ17461፣ ኪቱ በ17400 ይጀምራል። ቶሃትሱ ላይ መካከሉ 65021 ነው። የመርኩሪ ጎማ በ47 ይጀምራል።

አንድ ነገር ልብ ይበሉ። የኮፒ ካርቶኖችም ይህንኑ ቁጥር ያትማሉ። ቁጥሩ የሚነግርዎት ይገጥም እንደሆነ ብቻ ነው፤ ማን እንደሠራው አይናገርም።

ቁጥሩን ማወቅ ሌላም በር ይከፍታል። ፓርሰንና ሃይዲያ የሚባሉት የቻይና ሞተሮች ባለ 15ታቸውም ባለ 40ያቸውም በያማሃ ንድፍ ላይ የተሠሩ ስለሆኑ ብዙ ዕቃቸው ይለዋወጣል። ሙሉ ሞተር የሚሠራ ፋብሪካ በራሱ ካርቶን የሚሸጠው ዕቃ፣ አምራቹ ከማይታወቅ ኮፒ ይሻላል፤ ከያማሃው ደግሞ ይረክሳል። ለጠባብ ኪስ መካከለኛው ምርጫ ብለን ቀድመን የምንጠቁመው ይህንን ነው። መርኩሪም ባለ 30 እና ከዚያ በታች የሆኑትን ሞተሮቹን ለረጅም ዓመታት ያሠራው ከቶሃትሱ ጋር ስለሆነ፣ የሁለቱን ዋጋ አወዳድሮ ረከስ ያለውን መውሰድ ምንም ጉዳት የለውም። ጆንሰን በ2007፣ ኤቪንሩድ በ2020 እ.ኤ.አ. ምርት ስላቆሙ ለእነሱ እንደ ሲየራ ያሉ የታወቁ ተተኪ አምራቾችን መፈለግ ግድ ነው።

የውሃ ፓምፕ ጎማ፣ ወይም ኢምፔለር

ከሁሉም ዕቃ በላይ እዚህ ላይ ብንዘገይ ያለምክንያት አይደለም። መዳፍ ውስጥ የሚገባ ጎማ ነው፤ ክንፎቹ እየታጠፉ ውሃ ከታች ይስባሉ፣ ወደ ሲሊንደሩ ይገፋሉ። ሲያልቅ ሞተሩ ይግላል፣ ፒስተኑ ሲሊንደሩን ይይዛል፤ ከዚያ በኋላ ወጪው የጎማውን ብዙ እጥፍ ይሆናል።

የእኛ ሐይቆች ለዚህ ጎማ ደግ አይደሉም። ክረምት ላይ ግልገል ዓባይ፣ ጉማራ፣ ርብና መገጭ አፈር ይዘው ጣና ሲገቡ ውሃው ይደፈርሳል፤ አባያ ደግሞ ዓመቱን ሙሉ ቀይ ነው። ይህ ደለል ጎማውንም ጎማው የሚሽከረከርበትንም ጽዋ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይፍቃል። እምቦጭ የውሃ መግቢያውን ወንፊት ሲደፍነው ደግሞ ጎማው ደረቅ ይዞራል፤ ያለውሃ የዞረ ጎማ ለመቃጠል ጊዜ አይፈጅበትም። ስለዚህ በየቀኑ የሚሠራ ጀልባ በየ100 ሰዓቱ ፓምፑን ይፈትሽ፤ በክረምት ቀደም ቢል ይሻላል።

ኦሪጅናሉንና ኮፒውን እጅዎ ላይ አስቀምጠው ይለዩ። መጀመሪያ አንዱን ክንፍ በአውራ ጣትዎ እስከ ሥሩ ያጥፉትና ይልቀቁት። ደህናው ወዲያው ይመለሳል፤ መጥፎው ቀስ እያለ ይመለሳል ወይም ሥሩ ላይ ፀጉር የመሰለ ስንጥቅ ያሳያል። ቀጥሎ የክንፉን ጫፍ በጥፍርዎ ይዳስሱ፤ ከቅርጽ ማውጫው የተረፈ ቀጭን የጎማ ጠርዝ ካለ ተሠርቶ ሳይጠራ የወጣ ነው። ሦስተኛውና ዋናው መሐሉ ነው። ጎማው ዘንጉን በሚይዘው ቀለበት ላይ በሙጫና በሙቀት ተጣብቋል። ቀለበቱን በአንድ እጅ፣ ጎማውን በሌላው ይዘው በኃይል ያጣምሙት፤ ትንሽ እንኳ ከተንሸራተተ አይግዙት። ይህ ጥፋት ከተገጠመ በኋላ አይገኝም፦ ዘንጉ ይዞራል፣ ቀለበቱ ይዞራል፣ ጎማው ቆሟል። መካኒኩ ፓምፑን ከፍቶ ሲያየው ጎማው አዲስ ነው፣ ክንፉ ሙሉ ነው፤ ሞተሩ ግን ይግላል።

የዋጋው ስሌት ይህን ይመስላል። ለስሌት ያህል ኦሪጅናሉ 3,000 ብር፣ ኮፒው 900 ብር ነው እንበል። ኦሪጅናሉ 300 ሰዓት፣ ኮፒው 80 ሰዓት ቢሠራ፣ ኦሪጅናሉ በሰዓት 10 ብር፣ ኮፒው 11 ብር ከ25 ሳንቲም ወጣ ማለት ነው፤ የመካኒኩ የእጅ ዋጋና ጀልባው የቆመበት ቀን ገና አልተቆጠረም። የራስዎን ዋጋና ሰዓት አስገብተው ያስሉት። ለጎማው መልሳችን ቁርጥ ነው፦ ኦሪጅናል፣ ካልተቻለ የታወቀ ተተኪ አምራች። ባዶ ላስቲክ ውስጥ የሚሸጠውን አይግዙ።

ሙሉ ኪት ይገዛ ወይስ ጎማው ብቻ? ጽዋውንና ከሥር ያለውን ሳህን በጥፍርዎ ይዳስሱ። ጥፍር የሚይዝ ጭረት ካለ አዲስ ጎማ ብቻ መግባቱ ገንዘብ ማባከን ነው፤ ክንፉ ጭረቱ ላይ አይዘጋም፣ ውሃው በጎን ይመለሳል። ለስላሳ ከሆኑ ጎማውንና ጓርኒሲዮኑን (የመገጣጠሚያውን ማሸጊያ) ብቻ ይቀይሩ። ዘንጉንና ጎማውን የምታያይዘው ትንሿ ብረት ካልተበላች ትቀጥላለች።

ሲገጠም ክንፎቹ ሁሉ ወደ አንድ ወገን መተኛት አለባቸው። ጽዋውን ወደታች እየገፉ ዘንጉን በሰዓት አቅጣጫ ያዙሩ። ለማለስለሻ ግሊሰሪን ወይም የሳሙና ውሃ ይበቃል፤ ቤንዚን ጎማውን ያሳብጠዋል። ዘንጉ ወደ ሞተሩ የሚገባበትን ጥርስ ግሪስ ይቀቡት፣ የዘንጉን አናት ግን አይቀቡ፤ እዚያ የተጠራቀመ ግሪስ የታችኛው ክፍል በደንብ እንዳይገጥም ያደርጋል። ሞተሩ ተነስቶ ጥቂት ቆይቶ ከጎኑ የውሃ ክር ካልወጣ ያጥፉትና ይመርምሩ። ክሩ የሚወጣበት ቀዳዳ በጭቃ ተደፍኖም ሊሆን ስለሚችል ፓምፑን ከመፍታትዎ በፊት በቀጭን ሽቦ ይክፈቱት።

ከጎማው ጋር አብሮ የሚነሳው ተርሞስታት ነው፤ ሞተሩ እስኪሞቅ የማቀዝቀዣውን ውሃ የሚያግድ ቫልቭ ማለት ነው። ብዙ ቦታ ሞተሩ ሲግል ተርሞስታቱን አውጥተው ይጥሉታል። ያን ጊዜ ሞተሩ ከመጠን በላይ ቀዝቅዞ ይሠራል፣ ዘይቱ በደንብ አይቃጠልም፣ ካንዴላ ይጠቁራል። ከመግዛትዎ በፊት አሮጌውን በድስት ውሃ ውስጥ ከቴርሞሜትር ጋር አንጠልጥለው ያሙቁት። የብዙ ያማሃ ቱ ስትሮክ ሞተሮች ተርሞስታት ከ48 እስከ 52 ዲግሪ መከፈት ይጀምርና 60 ገደማ ላይ ሙሉ በሙሉ ይከፈታል። ከተከፈተና ሲቀዘቅዝ ከተዘጋ ይጠቡትና ይመልሱት፤ አዲስ አያስፈልግም። ኮፒም ሲገዙ በዚሁ ፈተና ያልፍ፤ ካለፈ ይሠራል።

የታችኛው ማርሽ ቤት

የማርሽ ዘይቱን የታችኛውን ብሎን ፈተው ትንሽ ሲያንጠባጥቡት መልኩ ብቻ ብዙ ይናገራል። ወተት የመሰለ ከሆነ ውሃ ገብቷል። አብዛኛውን ጊዜ ጥፋተኛው ፕሮፔለሩ ዘንግ ላይ የተጠመጠመ የዓሣ መረብ ናይለን ነው፤ እየጠበቀ ይሄድና ኦይል ሲሉን (ዘንጉ ላይ ዘይቱን አግቶ ውሃ የሚከለክለውን ቀለበት) ይቆርጠዋል። ስለዚህ ፕሮፔለሩን በየወሩ አውጥተው ከኋላው ይመልከቱ።

ኦይል ሲል ላይ መቆጠብ ይቻላል። መጠኑ ጀርባው ላይ ተጽፏል፦ የውስጥ ስፋት፣ የውጭ ስፋት፣ ውፍረት። ያንን ይዘው ኩሽኔታና ሲል ወደሚሸጥበት ሱቅ ቢሄዱ ባለ ሁለት ከንፈር የናይትራይል ሲል በጥሩ ዋጋ ያገኛሉ፤ ለጣፋጭ ውሃ ይበቃል። ለጨው ውሃ ግን የውስጥ ሞላው ዝገት የማይነካው መሆን አለበት። ዘንጉ ላይ አሮጌው ሲል የፈጠረው ቦይ ካለ አዲሱ ሲል እዚያው ላይ ከተቀመጠ ያፈሳል፤ አንድ ሁለት ሚሊ ሜትር ወደ ውጭ ይቀመጥ። ከገጠሙ በኋላ ዘይት ሳይሞሉ በእጅ ፓምፕ 1 ባር አየር ይሙሉና 10 ሰከንድ ይጠብቁ። የግፊት መለኪያው መርፌ ካልወረደ ይዟል። ከዚያ በላይ አይግፉት፣ ሲሉን ይገለብጠዋል።

ኩሽኔታም እንደዚያው ነው። ቁጥሩ የተቀረጸበት ከሆነ ኤስኬኤፍ፣ ኤንኤስኬ፣ ኤንቲኤን ወይም ኮዮ ሠራሹ ከያማሃ ካርቶን በረከሰ ዋጋ ይገኛል። 6205 የሚል ኩሽኔታ የትም ቢሠራ 25 በ52 በ15 ሚሊ ሜትር ነው። ከቁጥሩ ኋላ ሲ3 የሚል ካለ ያንኑ ይጠይቁ፤ ሲሞቅ እንዳይጨናነቅ የተሰጠ ክፍተት ነው፣ ያለሱ የተገጠመ ይቃጠላል። የቢዬላው (ፒስተኑን ከዋናው ዘንግ ጋር የሚያገናኘው ክንድ) እና የፒስተን ፒኑ መርፌ ኩሽኔታ ግን ኦሪጅናል ብቻ ይሁን። አንዲት መርፌ ብትሰበር ሲሊንደሩ ውስጥ ነው የምትገባው።

ዘይቱን ከታችኛው ቀዳዳ በፓምፕ ይሙሉ፤ ከላይኛው ሲፈስ መጀመሪያ የላዩን፣ ቀጥሎ የታቹን ብሎን ይዝጉ። ከላይ ከሞሉ አየር ይቀራል። የብሎኖቹን ሮንዴላ በየጊዜው ይቀይሩ፤ የሳንቲም ዕቃ ሆና ማርሽ ቤት የምታበላሽ እሷ ናት። ባለ 15ቱ የሚወስደው 250 ሚሊ ሊትር ብቻ ስለሆነ እዚህ ላይ የጀልባ ማርሽ ዘይት ገዝቶ በየ100 ሰዓቱ መቀየር ከባድ ወጪ አይደለም።

ዘይትና ካንዴላ

የቱ ስትሮክ ዘይት ላይ ለብራንድ መክፈል አያስፈልግም፤ ለደረጃ ይክፈሉ። ጣሳው ላይ ቲሲ-ደብሊው3 የሚል ካለ የሞተሩ ኩባንያ ስም ያለበትም የሌለበትም ይሠራል፤ የረከሰውን ይውሰዱ። የሞተር ሳይክል ወይም የባጃጅ ቱ ስትሮክ ዘይት ግን በዋጋው አይታለሉ። እነዚያ በአየር ለሚቀዘቅዝ፣ በጣም ለሚሞቅ ሞተር የተሠሩ ናቸው፤ አመድ የሚተው ቅመም ሊኖራቸው ይችላል። በውሃ የሚቀዘቅዝ የጀልባ ሞተር ላይ ዝቃጩ ፋሻዎቹን (የፒስተኑን ቀለበቶች) ቦያቸው ውስጥ ያጣብቃል፣ ኮምፕረሽን (የሲሊንደሩ እመቃ ግፊት) ይወርዳል። ልኩ 50 ለ1 ሲሆን ለ20 ሊትር ጀሪካን 400 ሚሊ ሊትር ነው። አዲስ ወይም ገና የተጠገነ ሞተር ለመጀመሪያዎቹ 10 ሰዓታት 25 ለ1፣ ማለትም 800 ሚሊ ሊትር ይፈልጋል። መጀመሪያ ዘይቱን በትንሽ ቤንዚን ያቅጥኑት፣ ከዚያ ጀሪካኑን ይሙሉ።

ባለ አራት ምት ሞተር ያላቸው 10ደብሊው-30 የኤፍሲ-ደብሊው ደረጃ ያለው ዘይት ይጠቀሙ። ፊልትሮውን በተመለከተ፣ የመኪናው ጥርሱ ሊገጥም ይችላል፤ ነገር ግን ውስጡ ያለው ማለፊያ ቫልቭ የሚከፈትበት ግፊትና ሞተሩ ሲጠፋ ዘይቱን የሚይዘው ላስቲክ ሊለይ ይችላል። በ100 ሰዓት አንዴ የሚገዛ ስለሆነ ትክክለኛውን ይግዙ። የታይሚንግ ቀበቶም ኦሪጅናል ብቻ።

ካንዴላ ላይ የሚያሳስበው የፎርጅድ ብዛት ነው። ባለ 15ቱ የሚወስደው ኤንጂኬ ቢ7ኤችኤስ-10 ነው፣ ክፍተቱ 1 ሚሊ ሜትር። 7 የሙቀት ደረጃው ነው፣ ቁጥሩ ሲጨምር ካንዴላው ቀዝቃዛ ይሆናል። ኤች የጥርሱ ርዝመት 12.7 ሚሊ ሜትር መሆኑን ይናገራል። እዚህ ላይ የመኪና ካንዴላ «ያው ነው» ተብሎ ሲሰጥ ይጠንቀቁ፦ ብዙው 19 ሚሊ ሜትር ነው፣ ገብቶ ፒስተኑን ይመታል። ፎርጅዱን ለመለየት ሮንዴላዋን በጣትዎ ያዙሩ፤ በኦሪጅናሉ ላይ ተጨምቃ የገባች ስለሆነች በቀላሉ አትወጣም። የሸክላው ጽሑፍ በጥፍር ከተላጠ ወይም የመሐሉ ምሰሶ ከማዕከል ከወጣ መልሱት። አቻ ቁጥር ያለው ዴንሶ በጥራት አያንስም።

የነዳጅ መስመር፣ ትንሿ ቀዳዳ

ቱ ስትሮክ ሞተር ዘይቱን የሚያገኘው ከቤንዚኑ ጋር ነው። ስለዚህ በነዳጅ መስመሩ ላይ አየር ከገባ ሞተሩ የሚያጣው ቤንዚን ብቻ ሳይሆን ዘይትም ነው፤ ሲሮጥ ጉልበት የጨመረ ይመስላል፣ ከዚያ ፒስተኑ ይበሳል። ለዚህ ነው ቱቦ፣ የእጅ መጭመቂያ አምፖልና ማገናኛ ላይ ርካሽ ዕቃ የማንመክረው። ነጩ የውሃ ላስቲክ በጥቂት ወራት ደርቆ ማሰሪያው ሥር ይሰነጠቃል። የነዳጅ ፓምፑ ዲያፍራምም እንዲሁ፦ ኮፒው ወፍራምና ድርቅ ያለ ሲሆን ዝቅተኛ ፍጥነት ላይ ይሠራል፣ ሙሉ ጋዝ ላይ ግን አያደርስም። አምፖሉን ሲጨምቁት ጠንክሮ ለደቂቃዎች ካልቆየ አንድ ቦታ ያፈሳል።

ፊልትሮው ግን ሌላ ነው። በጀሪካን ከሚቀዳ ቤንዚን ጋር ውሃና ቆሻሻ መግባቱ ስለማይቀር፣ ባለ 10 ማይክሮን የውሃ መለያ ፊልትሮ ከታንከሩ በኋላ ያስገቡ። የታወቀ ተተኪ አምራች ይበቃል፤ ዋናው በጊዜው መቀየሩ ነው። ካርቡሬተሩን ደግሞ ኪት ከመግዛት በፊት ያጽዱት። መርፌዋ ጫፏ ላይ ቀለበት የመሰለ ቦይ ከሌላትና ጓርኒሲዮኑ ካልተቀደደ ጽዳቱ ይበቃል።

ያገለገለ የሚያዋጣበት

ኮይል፣ ሲዲአይ (ብልጭታውን የሚቆጣጠረው የኤሌክትሮኒክ ሣጥን)፣ የገመድ መሳቢያው፣ የካርቡሬተር አካል፣ ማርሽ ቤቱ ከነሙሉው፣ ሽፋን፣ ቅንፍ፤ እነዚህ ከወደቀ ሞተር ላይ ሲገዙ ያዋጣሉ። በተለይ ሲዲአይ ላይ ያገለገለ ኦሪጅናል ከአዲስ ኮፒ ይመረጣል። ኮፒው ብልጭታውን ይሰጣል፣ ግን ጊዜውን ከፍጥነቱ ጋር የሚያስተካክልበት መንገድ ካልተገጣጠመ ሞተሩ ያንኳኳል፣ ያ ደግሞ ፒስተን ይበላል። ኮይል ኮፒ ይሁን፤ ሲሞት ብልጭታው ይቀራል እንጂ ሌላ አይነካም።

ማርሽ ቤት ሲገዙ ማርሹን አስገብተው ፕሮፔለሩን በእጅ ያዙሩ፤ ከያዘ በኋላ የሚያመልጥ ከሆነ የማያያዣው ጥርስ ጠርዙ ተሸራርፏል። ዕቃው ከባሕር ዳርቻ የመጣ ከሆነ የውሃ መተላለፊያዎቹ ውስጥ ነጭ የጨው ቅርፊት ይፈልጉ፤ ካለ ብሎኖቹ ሲፈቱ የሚሰበሩበት ዕድል ሰፊ ነው።

ፒስተንና ፋሻ ያገለገለ አይገዛም። ሲሊንደር ግን ይገዛል፣ ከተለካ። የባለ 15ቱ ስፋት 56፣ የባለ 40ው ኤንዱሮ ኤክስ 80 ሚሊ ሜትር ነው። 0.25 እና 0.50 ሚሊ ሜትር የሰፋ ፒስተን ስለሚመጣ፣ ገና አንድም ጊዜ ያልተቦረቦረ ሲሊንደር ሁለት ዕድል ይቀረዋል፤ 0.50 ላይ የደረሰውን አይግዙ። ፒስተኑን መጀመሪያ ይግዙ፣ ሲሊንደሩ በፒስተኑ ልክ ይቦርቦር። ኮፒ ፒስተን ሲሞቅ የሚሰፋበት መጠን ስለማይታወቅ በሞተሩ የጥገና መጽሐፍ ላይ ባለው ክፍተት ተገጥሞ ሊይዝ ይችላል። ያገለገለ ሞተር ሲመረምሩ የኮምፕረሽን ቁጥሩን ከመጽሐፉ ጋር አያነጻጽሩ፤ ጣና ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ስለሆነ ሁሉም ዝቅ ብሎ ይነበባል። ሁለቱን ሲሊንደሮች እርስ በርስ ያነጻጽሩ፤ ልዩነቱ ከ10 በመቶ ካለፈ ዋጋውን ይቁረጡ ወይም ይተዉት።

ፕሮፔለርና አኖድ

አልሙኒየም ፕሮፔለር ኮፒ ቢሆን ግድ የለም፤ ቢሰበር ሞተር አይነካም። ጥርሱን ይቁጠሩ፣ ስፋቱንና ፒቹን (በአንድ ዙር ወደፊት የሚሄድበትን ርቀት) ያንብቡ። እዚህ ላይ ከፍታው ይገባል፦ ቀጭን አየር የሞተሩን ጉልበት ስለሚቀንስ ከፋብሪካ ጋር የመጣው ፕሮፔለር ይከብደዋል። ባለ 15ቱም ባለ 40ውም ሙሉ ጋዝ ላይ ከ4,500 እስከ 5,500 ዙር መድረስ አለባቸው። ጭነው 4,500 ካልደረሱ ፒቹን በአንድ ወይም ሁለት ኢንች ዝቅ ያድርጉ፤ አንድ ኢንች 200 ዙር ገደማ ይመልሳል። ተጨንቆ የሚሠራ ሞተር ነዳጅም ይበላል፣ ፒስተንም ይበላል። ትናንሽ ሞተሮች ላይ ያለውን መሰበሪያ ፒን በሚስማር ወይም በብሎን አይተኩ። ድንጋይ ሲመታ እሱ እንዲሰበር ነው የተሠራው፤ እሱ እምቢ ካለ ማርሹ ይሰበራል።

አኖድ (በሞተሩ አካል ፈንታ እንዲበላ የሚታሰር ብረት) ላይ ብዙ ሰው ኦሪጅናል ገዝቶም ይሳሳታል። ዚንክ ለጨው ውሃ ነው፤ ጣፋጭ ውሃ ላይ ቅርፊት ያወጣና ሥራ ያቆማል። ለሐይቅ ማግኒዥየም ወይም አልሙኒየም ይግዙ። በእጅ ሲያነሱት ማግኒዥየሙ ከመጠኑ አንጻር ቅልል ይላል፣ ዚንኩ እንደ እርሳስ ይከብዳል። ቀለም አይቀቡት።

በናፍጣ የሚሠሩት

የውስጥ ሞተር ያላቸው ትልልቅ ጀልባዎች ላይ ቁጠባው የተሻለ ነው፤ ብዙዎቹ ሞተሮች በየብስ ላይ ወንድም አላቸው። ፐርኪንስ 4.236 የጀልባው ዓይነት ከማሲ ፈርጉሰን ትራክተር ሞተር ጋር ፒስተን፣ ካናቴራ (የሲሊንደሩ ውስጥ ሽፋን)፣ ኩሽኔታና ፊልትሮ ይጋራል፤ እነዚያን ከትራክተር መለዋወጫ ሱቅ በትራክተር ዋጋ ይግዙ። የጀልባ ብቻ የሆኑት የሙቀት መለዋወጫው፣ የጭስ ማኒፎልዱና የሐይቁን ውሃ የሚስበው ፓምፕ ናቸው። የዚያን ፓምፕ ጎማ ከፓምፑ አምራች፣ ከጃብስኮ ወይም ከጆንሰን ፓምፕ፣ ይግዙት፤ ቁጥሩ ፓምፑ ላይ አለ። በቤንዚን የሚሠራ የውስጥ ሞተር ላይ ግን የመኪና ዲናሞና ማስነሻ ፈጽሞ አይግጠሙ። የመኪናው ብልጭታ ክፍት ነው፤ ሞተር ክፍሉ ውስጥ የተጠራቀመ የቤንዚን ተን ይፈነዳል።

ከየት፣ እንዴት

ለኩሽኔታ፣ ሲልና ማሰሪያ መርካቶ ይበቃል። ያገለገሉ የመኪና ዕቃዎች የሚገኙበት ሶማሌ ተራ ለዲናሞና ማስነሻ መፍትሔ ያመጣል፤ ለቤንዚን የውስጥ ሞተር ግን አይደለም። የጀልባ ብቻ የሆነውን ከዱባይ ወይም ከሌላ አገር በመንገደኛ ሲያስመጡ ሦስት ፎቶ ይላኩ፦ የሞዴሉን ሳህን፣ የአሮጌውን ዕቃ ከማስመሪያ ጋር፣ የዕቃውን ቁጥር በወረቀት። ጎማ፣ ዲያፍራም፣ መርፌ ኩሽኔታ ቀላል ዕቃዎች ስለሆኑ የአንድ ዓመቱ አንድ ላይ ቢመጣ ይሻላል። ጎማ ግን ከሁለት ዓመት በላይ አያከማቹ፤ መጋዘን ውስጥም ይደርቃል። አንድ ዓይነት ሞተር ያላቸው ባለጀልባዎች ተሰባስበው ቢያዝዙ የማጓጓዣው ወጪ ይከፋፈላል።

ጀልባው ላይ ሁልጊዜ በትንሽ ሳጥን መቀመጥ ያለባቸው፦ ሁለት ካንዴላ፣ መፍቻው፣ አንድ የውሃ ፓምፕ ጎማ፣ መሰበሪያ ፒን፣ የፕሮፔለሩ ኮፒሊያ (ፍሬው እንዳይወጣ የሚይዘው ሽቦ)፣ የማርሽ ቤቱ ሁለት ሮንዴላ፣ የነዳጅ ፊልትሮ፣ አንድ ሜትር ቱቦና አራት ማሰሪያ፣ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ የውሃ ክሩን ቀዳዳ የሚከፍት ቀጭን ሽቦ፣ እምቦጭና ናይለን የሚቆርጥ ቢላዋ።